በሕግ አምላክ ያለችው የሂዩስተን ልጅ

እስቲ ወደ እኔ ጠጋ በሉ። ዛሬ የአንዲት ሴት ታሪክ ላወጋችሁ ነው። አገሯ ሩቅ ነው፤ አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ። ዘመኑንም የእኛ ነው ካላልኳችሁ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ የራሳችንን ነገር ላስታውሳችሁ። ድሮ በአገራችን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው አንደኛው ጉልበት ካነሰው «በሕግ አምላክ!» ይላል። ይህን የሰማ፣ ጉልበተኛም ይሁን ባለጠጋ፣ የሰነዘረውን እጅ ይሰበስባል። ረግጦ ካለፈ የደፈረው ሕግን ነዋ! ከዚያ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ባለ ርስቱና ጭሰኛው በአንድ ቋጠሮ ታስረው ሲሄዱ አስቡት።

የዛሬዋ ባለ ታሪክ ባርባራ ጆርዳን ትባላለች። አማርኛ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ በቋንቋዋ ስትል የኖረችው ግን ይህንኑ ቃል ነው። አንድ ቀን ደግሞ ለአገሯ ፕሬዚዳንት አለችው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የበቅሎ ጋሪ ነው።

ባርባራ የተወለደችው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1936 ነው፤ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የሂዩስተን የጥቁሮች ሰፈር። ከሦስት ሴቶች ልጆች የመጨረሻዋ ናት። አባቷ ቤንጃሚን ጆርዳን በሳምንቱ ቀናት መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ፣ እሑድ ደግሞ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። ቆፍጣና ሰው ናቸው። ልጅቱ አምስት «ኤ» እና አንድ «ቢ» ይዛ ብትመጣ ዓይናቸው የሚያርፈው «ቢ»ዋ ላይ ነው። እናቷ አርላይንም በቤተ ክርስቲያን ንግግር የተመሰገኑ ነበሩ። የአንደበቷን ነገር ከየት አመጣችው እንዳትሉኝ።

ልቧ ያለው ግን ከአያቷ ጋር ነው፤ የእናቷ አባት፣ ጆን ኤድ ፓተን። እኚህ ሰው እኛ ቁራሌው የምንለውን ሥራ ነበር የሚሠሩት። በቅሎ በሚጎትተው ጋሪያቸው ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ አሮጌ ጨርቅ፣ ጋዜጣ፣ ብረታ ብረት ይሰበስባሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባርባራን የምታገኟት እሳቸው ዘንድ ነው። ጨርቁን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ ትለያለች፤ አያትዬውም ከሽያጩ ድርሻዋን ይሰጧታል። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡላታል። ምክራቸው አንድ ነበር፤ የማንንም ዱካ አትከተይ፣ የራስሽን መንገድ ሂጂ።

እኚህ ሰው ሕግን በክፉ ጎኑ ያወቁ ናቸው። በ1918 ከፖሊስ ጋር በተፈጠረ ተኩስ ለመግደል ሞክረሃል ተብለው 10 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1925 ምሕረት ያደረገችላቸው የቴክሳስ የመጀመሪያዋ ሴት ገዥ ሚርያም ፈርጉሰን ናት። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ። የእኚህ ሰው አባት፣ ኤድዋርድ ፓተን፣ በ1891 በቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት የተቀመጡ ጥቁር የሕዝብ እንደራሴ ነበሩ። አባት ሕግ አውጪ፣ ልጅ እስረኛ፣ ከዚያም ቁራሌው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ምን ቢፈጠር ነው?

በሩ ተዘግቶ ነው። የዘጋውም ራሱ ሕጉ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ጥቁሮች የመምረጥ መብት አገኙ፤ ጥቂቶችም ተመረጡ። ከዚያ የቴክሳስ ሹማምንት አንድ በአንድ መዝጊያ አበጁ። መጀመሪያ የምርጫ ግብር መጣ፤ ለመምረጥ ክፈል ተባለ። ቀጥሎ ደግሞ በዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ነጭ ያልሆነ አይገባም ተባለ። በዚያ ዘመን ቴክሳስ ውስጥ ከዴሞክራቶች ሌላ የሚያሸንፍ ስለሌለ፣ ከውስጥ ምርጫው መከልከል ማለት ከምርጫው መባረር ነው። በኖቬምበር የሚደረገው ዋናው ምርጫ ለወግ ነው። ከ1883 ወዲህ አንድ ጥቁር በቴክሳስ ሴኔት ወንበር ላይ አልተቀመጠም።

ታዲያ «በሕግ አምላክ» የሚል አልጠፋም። እዚያው ፊፍዝ ዋርድ ውስጥ ሎኒ ስሚዝ የሚባሉ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ካልመረጥኩ ብለው ከሰሱ። ተርጉድ ማርሻል ጠበቃቸው ሆኖ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ፤ በ1944 ረቱ። የነጮች ብቻ የሆነው የውስጥ ምርጫ ፈረሰ። ያኔ ባርባራ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ጨርቅና ብረት ትለያለች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሄማን ስዌት የሚባል የሂዩስተን ፖስተኛ ኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ልማር ብሎ አመለከተ። ቴክሳስ እሱን ከማስገባት ለጥቁሮች ሌላ ዩኒቨርሲቲ መክፈት ይሻለኛል ብላ በ1947 ሂዩስተን ውስጥ አንድ አቋቋመች። ስዌት ግን አልተሸነገለም፤ በ1950 እሱም በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። የጥርስ ሐኪምና ፖስተኛ ናቸው እንግዲህ በሩን እየገፉ የከፈቱት። ስማቸውን እዚህ የጠራሁት ባርባራ ከሰማይ ዱብ ያለች እንዳይመስላችሁ ነው።

ባርባራ ፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትማር አንድ ቀን ከቺካጎ እንግዳ መጣች። ኤዲት ሳምፕሰን ትባላለች፤ ጥቁር ናት፣ ሴት ናት፣ ጠበቃ ናት። ልጅቱ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አይታ አታውቅም። ያን ቀን ቤቷ የገባችው ጠበቃ እሆናለሁ ብላ ነው።

በ1952 ያንን ለስዌት መከልከያ ተብሎ የተቋቋመውን ዩኒቨርሲቲ፣ ቴክሳስ ሰዘርንን፣ ገባች። መከልከያው ለእሷ መማሪያ ሆነላት። እዚያ ቶማስ ፍሪማን የሚባሉ የክርክር መምህር ድምጿን አሠለጠኑት። የሃርቫርድ ተከራካሪዎች ሂዩስተን ድረስ መጥተው ከእነ ባርባራ ጋር ገጠሙ፤ እኩል ለእኩል ተለያዩ። በ1956 በማዕረግ ተመረቀችና ለሕግ ትምህርት ወደ ቦስተን ተሻገረች።

ቦስተን ላይ ግን ተደናገጠች። አብረዋት የሚማሩት ነጮች ከልጅነታቸው የለመዱት ንባብና አስተሳሰብ ለእሷ እንግዳ ሆነባት። ለጥቁር ተለይቶ የሚሰጥ ትምህርት እኩል ነው ሲባል የኖረው ሐሰት መሆኑን በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ጭንቀቷ አወቀችው። አገር ሲተኛ እሷ ታነባለች። በ1959 ተመረቀች።

ወደ አገሯ ተመልሳ ጥብቅናውን የጀመረችው የት መሰላችሁ? ወላጆቿ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ። ሳህኑ ይነሳል፣ ጠረጴዛው ይወለወላል፣ የደንበኛ መዝገብ ይዘረጋል። በ1960 ለኬኔዲና ለሊንደን ጆንሰን ምርጫ ሰፈር ለሰፈር እየዞረች መራጭ ትቀሰቅስ ጀመር። አንድ ምሽት መናገር የነበረበት ሰው ቀርቶ እሷ ተተካች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ መዝገብ ከማገላበጥ ይልቅ መድረክ ላይ እንድትቆም የሚጠራት በዛ።

በ1962 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረች። ተሸነፈች። በ1964 ደገመች። ተሸነፈች። ሂዩስተንን የያዘው ሃሪስ ካውንቲ በሙሉ እንደ አንድ ወረዳ ነበር የሚመርጠው፤ የፊፍዝ ዋርድ ሰው እንዳለ ቢመርጣት የቀረው ካውንቲ ይውጠዋል። ጥቁር ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ግዙፍ ነሽ፣ እንዴት ይመርጡሻል የሚሏትም አልጠፉ።

እሷ ስትሸነፍ ግን ዋሽንግተን ላይ ሌላ ሙግት ይፈረድ ነበር። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንዱ ሰው ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ እኩል ይመዘን፣ ወረዳዎችም በሕዝብ ቁጥር ይከፈሉ ብሎ ወሰነ። ቴክሳስ ሳትወድ በግድ ወረዳዎቿን ከፈለች። ባርባራ አዲሱን ካርታ ዘርግታ አየች። 11ኛው የሴኔት ወረዳ! ውስጡ ያሉት ሰፈሮች ሁለት ጊዜ ስትሸነፍ እንኳ ያልካዷት ሰፈሮች ናቸው። በ1966 የምርጫ ግብሩንም ፍርድ ቤት ሻረው። በዚያው ዓመት ተወዳድራ በሰፊ ልዩነት አሸነፈች። እሷ እኮ ያቺው ናት፤ ቀለሟም ጾታዋም ቁመናዋም አልተለወጠም። የተለወጠው ሚዛኑ ነው።

ጃኑዋሪ 1967 ኦስቲን ሴኔት ገባች። 31 ሴናተሮች አሉ፤ 30ዎቹ ወንዶች ናቸው። ከ1883 ወዲህ የመጀመሪያዋ ጥቁር፣ በምክር ቤቱ ታሪክ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። ሰው ሁሉ መቼ ትጮሃለች ብሎ ይጠብቃል። እሷ አልጮኸችም፤ ደንቡን ቁጭ ብላ አጠናች። አንድ ረቂቅ ለውይይት እንዲቀርብ የ21 ሴናተሮች ድምፅ እንደሚያስፈልግ አየች፤ እንግዲያው 11 ሰዎች እንቢ ካሉ ረቂቁ ባለበት ይቀራል። የመራጮችን ምዝገባ የሚያጠብ ረቂቅ ሲመጣ እያንዳንዱን ሴናተር ለብቻው እያነጋገረች ቃል አስገባች። እሷን ጨምሮ 11 ሲሞሉ ረቂቁ ሞተ። ድንጋይ አልተወረወረም፣ ድምፅ ከፍ አላለም። በደንቡ ብቻ!

የፌዴራሉ ሕግ ላልደረሰላቸው ድሆች ሠራተኞች የቴክሳስ የመጀመሪያው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እንዲወጣ የታገለችውም እዚሁ ነው። ማርች 28 ቀን 1972 ባልደረቦቿ የሴኔቱ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧት።

አሁን የምነግራችሁን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ። በቴክሳስ ልማድ ገዥውና ምክትሉ በአንድ ቀን ከግዛቱ ይወጡና ተጠባባቂ ፕሬዚዳንቱ ለዚያች ቀን ገዥ ይሆናል። የባርባራ ቀን ጁን 10፣ 1972 ነበር። ከሂዩስተን ወዳጅ ዘመድ ጎረፈ። አባቷም መጡ፤ እኚያ «ቢ»ዋን የሚያዩት ሰባኪ። የመጨረሻ ልጃቸው ቃለ መሐላ ፈጽማ የቴክሳስ ገዥ ተብላ ስትጠራ ቁጭ ብለው አዩ። በዚያችው ቀን፣ እዚያው ምክር ቤቱ ግቢ፣ ስትሮክ መታቸውና ወደቁ። በማግስቱ አረፉ። የልጅን ወግ ማዕረግ አይቶ መሞት ሲባል እንሰማለን፤ እኚህ አባት የደረሰባቸው እሱ ነው። ባርባራም ደስታዋንና ሐዘኗን በአንድ ሌሊት ተሸከመች።

በኖቬምበር ለዋሽንግተን ምክር ቤት ተመረጠች፤ ለቴክሳስ 18ኛ ወረዳ። በ20ኛው መቶ ዘመን ከደቡብ ግዛቶች ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥቁሮች አንዷ እሷ ናት፤ ሌላው የጆርጂያው አንድሩ ያንግ ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ እንድትገባ መከሯት፤ ገባች። በ1973 ግን ሐኪሞች መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ እንዳለባት ነገሯት፤ ቀስ በቀስ እግርን የሚያስር በሽታ ነው። ለሕዝብ ሳትናገር ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ የዋተርጌት ነገር መጣ። የፕሬዚዳንት ኒክሰን ሰዎች የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ ሰብረው ሲገቡ ተያዙ፤ ፕሬዚዳንቱም ነገሩን ለመሸፋፈን ሥልጣናቸውን ተጠቀሙ ተባለ። 38ቱ የኮሚቴው አባላት በይፋ ይከሰሱ ወይስ አይከሰሱ ብለው በቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ጁላይ 25 ቀን 1974፣ ማታ፣ ተራው የባርባራ ሆነ።

ያ ጥልቅ ድምፅ ተነሳ። ሕገ መንግሥቱ «እኛ ሕዝቦች» ብሎ ይጀምራል አለች። በ1787 ሲጻፍ ግን እኔ በዚያ «እኛ» ውስጥ አልነበርኩም፤ ጆርጅ ዋሽንግተንና አሌግዛንደር ሃሚልተን በስሕተት የረሱኝ ይመስለኝ ነበር። በማሻሻያ፣ በትርጉምና በፍርድ ቤት ውሳኔ በመጨረሻ ገባሁ። በሕገ መንግሥቱ ያለኝ እምነት ምሉዕ ነው፤ ሲሸረሸር ቁጭ ብዬ አላይም። የንግግሯ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከዚያ ስድብ የለ፣ ፉከራ የለ፤ የሕጉ ጸሐፊዎች ለክስ የሚያበቃው ጥፋት ይህ ነው ያሉትን ትጠቅሳለች፣ ፕሬዚዳንቱ አደረጉ የተባለውን ከጎኑ ታስቀምጣለች። ጨርቁን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰች።

«በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል ያገሬ ሰው። ባርባራ ያን ማታ የጠየቀችው ፍርድን ነው፤ ትልቁም ሰው በደንቡ ይዳኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ኮሚቴው የመጀመሪያውን ክስ በ27 ድምፅ ለ11 አጸደቀ። ኦገስት 9 ቀን ኒክሰን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጥይት አልተተኮሰም።

ይህን ስተርክ የራሴ አገር ትዝ ይለኛል። በዚያው ክረምት እኛም ዘንድ ዙፋን ይናወጥ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 በእኛ አቆጣጠር ወረዱ፤ ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል የእኛ ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን የሚያቆም አልተገኘም። የባርባራን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። እሷ የቆመችለት ነገር ሲጎድል ምን እንደሚመጣ እናውቃለንና።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1975፣ የመምረጥ መብት ሕጉ እንዲራዘም ብቻ አልተወችውም፤ ቴክሳስን እንዲጨምር፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ዜጎችንም እንዲጠብቅ ታገለች። የገዛ ግዛቷ ሹማምንት ተቃወሙ፤ ሕጉ ግን አለፈ። እሷ ከገባች በኋላ በሩን ከኋላዋ አልዘጋችም። ጁላይ 12 ቀን 1976 ኒው ዮርክ ላይ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ዋናውን ንግግር ስታደርግ፣ ያን ንግግር ያደረገች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

ስሟ ከዳር እስከ ዳር ሲጠራ፣ በ1978ቱ ምርጫ አልወዳደርም አለች። ወደ ኦስቲን ተመልሳ መምህር ሆነች፤ በሊንደን ጆንሰን የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት የፖለቲካ ሥነ ምግባር ታስተምር ጀመር። ይህ ትምህርት ቤት የሚገኘው ስዌትን አላስገባም ባለው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ክፍሏ ሞልቶ ስለሚተርፍ ተማሪዎች በዕጣ ነበር የሚገቡት። ቦርሳዋ ውስጥ የሕገ መንግሥቱ ትንሽ ቅጂ አይጠፋም።

የለቀቀችውን ወንበር ማን ወሰደው? እዚህ ጋ ታሪኩ ወደ እኛ ይመጣል። የወሰደው ሚኪ ሊላንድ ነው። እሱም የፊፍዝ ዋርድ ልጅ፣ እሱም የፊሊስ ዊትሊ ተማሪ። በ1977ቱ ረሀብ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያ የጮኸው፣ የምክር ቤቱን የረሀብ ኮሚቴ የመራው ሚኪ። ኦገስት 7 ቀን 1989 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጋምቤላ ወዳለው የፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲበር አውሮፕላኑ ከተራራ ተጋጨ። እሱና አብረውት የነበሩት 15 ሰዎች አለቁ፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። ባርባራ ሁለት ጊዜ ተሸንፋ የከፈተችው መንገድ በእኛ ምዕራብ ተራሮች ላይ ደርሶ ነበር። ያ ድል የሂዩስተን ብቻ ነው የሚለኝ ካለ ይህን እነግረዋለሁ።

በ1987 ባርባራ እንደገና ዋሽንግተን ተጠራች። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጨው ሮበርት ቦርክ ያንን የእኩል ድምፅ ውሳኔ የሚነቅፍ ሰው ነበር። ስለ ንድፈ ሐሳብ አልተከራከረችም። ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ፤ ፍርድ ቤቱ ወረዳው ይከፈል ባይል ኖሮ እዚህ አልቀርብም ነበር ብላ የገዛ ሕይወቷን ማስረጃ አድርጋ አቀረበች። ሴኔቱ ዕጩውን ውድቅ አደረገው።

ኋላ እግሮቿ እንቢ አሉ። በ1992 የፓርቲዋ ጉባኤ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ተናገረች፤ ድምፁ ያው ነው። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የነፃነት ሜዳሊያ አጠለቁላት። ጃኑዋሪ 17 ቀን 1996፣ በ59 ዓመቷ፣ ኦስቲን ውስጥ አረፈች። የተቀበረችው የቴክሳስ ጀግኖችና ገዥዎች በሚያርፉበት የግዛቱ መካነ መቃብር ነው፤ በዚያ አፈር ያረፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት።

እንግዲህ ሄዳችሁ ለልጆቻችሁ ስታወጉ ከዋሽንግተን አትጀምሩ። ከጋሪው ጀምሩ። ሕግ ያሰራቸው አያት አሉ፤ አጠገባቸው አንዲት ልጅ ጨርቁን ከብረቱ ትለያለች። ያቺ ልጅ አያቷን ያሰረውን፣ ወገኖቿን ከምርጫ ያገደውን ሕግ አላቃጠለችውም። አንስታ አነበበችው። ዝገቱን ከብረቱ ለየች፤ ዝገቱን ጣለች፣ ብረቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ኖረች።